የጎደለውን መተካት

በፓርኪንሰንና በአልዛይመር ደዌ ሕክምና ታሪክ አንድ አሳብ ሁለት ዕድል ገጥሞት እናገኛለን። በ1960 እ.ኤ.አ. ኤህሪንገርና ሆርኒኪየቪች በቪየና የፓርኪንሰን ሕሙማንን አንጎል ከሞቱ በኋላ መርምረው፥ ዶፓሚን የሚባለው ቅመም እጅግ ማነሱን ገለጡ። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አይዘልቅም፤ ስለዚህ በ1961 ሐኪሙ ቢርክማየር ዶፓሚን የሚሠራበትን ሌቮዶፓን በደም ሥር ሰጠ። መነሣት ተስኖት የነበረው ሕመምተኛ ተነሥቶ ሄደ፤ ብርታቱ ግን ብዙ አልቆየም።

በአልዛይመር ደዌ አሴቲልኮሊን መጉደሉ በ1970ዎቹ ሲታወቅ ሐኪሞች ያንኑ መንገድ ያዙ፤ ኮሊን ሰጥተው ሞከሩ፥ አልረባም። እኛን ከድሉ ይልቅ ይህ ውድቀት ይበልጥ ይማርከናል። መተካት ባይቻል የቀረውን ጥቂቱን ከመፍረስ መጠበቅ ተመረጠ። በዚሁ ዘዴ የሚሠራው ሪቫስቲግሚን በአሜሪካ በ2000 ለአልዛይመር፥ በ2006 ደግሞ ፓርኪንሰን ለሚያስከትለው የመርሳት ደዌ ተፈቀደ። የሕዋሳቱን መሞት ግን ሌቮዶፓም ሆነ ሪቫስቲግሚን አያስቆምም።