ዜና ስላብ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በ1958 ዓ.ም. መግቢያ፣ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ኬነዝ ኖልተን የሚባል ሰው የኮምፒውተር ሚሞሪ የሚታደልበትን አንድ ዘዴ ጽፎ አሳተመ። ዘዴውም ሰፊውን ቦታ ለሁለት እኩል መክፈል፣ ግማሹንም እንደገና ለሁለት፣ የተፈለገው መጠን እስኪደረስ ድረስ ነበር፤ ቦታው በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ከመንታው ጋር መልሶ ማጋጠም። ይህንም «ባዲ» አሉት። የማሽኑን ሥራ ሁሉ የሚመራው የሊኑክስ ከርነል፣ ገጽ የሚባለውን የሚሞሪ ክፍል እስከ ዛሬ የሚያድለው በዚሁ ነው፤ አንዱም ገጽ በአብዛኛው 4096 ባይት ይሆናል።

ነገር ግን ከርነል ከገጽ በጣም ያነሰ ቦታ ዘወትር ይሻል። ፋይል በተከፈተ ቁጥር፣ ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር፣ የኔትዎርክ መልእክት በደረሰ ቁጥር የዚያን ነገር ጉዳይ የሚይዝ ትንሽ መዝገብ ያስፈልገዋል። የአንድ ወገን መዝገቦች ሁሉ መጠናቸው እኩል ነው፤ የአንዱ ፋይል መዝገብ ከሌላው በአንድ ባይት እንኳ አይበልጥም፣ አያንስም። ብዙ ሥራ ባለበት ማሽን በሰከንድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ይወለዳሉ፣ ይሞታሉም። ለእያንዳንዱ ሙሉ ገጽ መስጠት ሚሞሪውን ሁሉ መጨረስ ነበር።

በደርግ ዘመን፣ የአፍአበት ውጊያ በተደረገበት በ1980 ዓ.ም.፣ ማርሻል ከርክ መኩዚክና ማይክል ካረልስ ለበርክሌይ ዩኒክስ ከርነል አዲስ የሚሞሪ አዳይ አበጁ። ትንንሹን ጥያቄ ሁሉ ወደሚቀጥለው የሁለት ርቢ፣ ወደ 64፣ ወደ 128፣ ወደ 256፣ ወደ 512 ከፍ እያደረጉ ሰጡ። ፈጣን ነበረና ብዙዎች ተከተሉት። ሆኖም 300 ባይት የሚበቃው መዝገብ 512 ይወስድ ነበር፤ 212ቱ ባይት ማንም ሳይጠቀምበት ይታሰራል። በአንድ ገጽም ከ8 መዝገብ በላይ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ደርግ ወደቀ። አገሪቱ በሽግግር መንግሥት ስትተዳደር፣ ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባላት ምርጫ ተደረገ። በማግስቱም በቦስተን ከተማ የዩኒክስ ሊቃውንት የሚሰበሰቡበት የዩዝኒክስ ጉባኤ ተከፈተ። በዚያ ጉባኤ የሳን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲስ ጄፍ ቦንዊክ፣ ሶላሪስ 2.4 ለተባለው የኩባንያው ዩኒክስ የሠራውን «ስላብ» የተባለ አዳይ ለሊቃውንቱ አቀረበ።

የዚህን ሰው ሥራ በሰፊው እንጽፈዋለን፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ስለ ባዶው ቦታ ሲጨነቁ፣ እርሱ በቦታው ላይ ስለሚቀመጠው ነገር አስቧልና። መዝገብ ሲወለድ መቆለፊያው ይበጃል፣ ቆጣሪው ዜሮ ይሆናል፣ ከሌሎች ጋር የሚያያዝበት ሰንሰለት ይዘጋጃል። ሲሞት ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን በዚያው መጠንና በዚያው መልክ እንደገና ይሠራል። ቦንዊክ ለክቶ እንዳየው መዝገቡን ማሰናዳት ብዙ ጊዜ ቦታውን ፈልጎ ከመስጠት ይበልጥ ያደክማል። ስለዚህ የተመለሰው እንደተሰናዳ ይቀመጥ፣ ለሚቀጥለው ጠያቂም እንደተሰናዳ ይሰጥ አለ። የወሎ ቅሬ ድስቱንና ብርጭቆውን የሚያውሰው በዚህ ሕግ ነው፤ ለቅሶ የደረሰበት ቤት ታጥቦ የተቆጠረውን ይወስዳል፣ አጥቦ ቆጥሮ ይመልሳል፣ ለየለቅሶው አዲስ ድስት የሚገዛ ቅሬም የለም። በስላብ ሥርዓትም መዝገብ የሚመልስ ወገን ይህ ግዴታ አለበት፤ ሲረከበው በነበረበት መልክ ያስረክባል። ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል፣ መረጃ በከርነሉ ውስጥ የሚፈስበትን መሥመር ራስ የሚይዘው አንዱ መዝገብ የሚፈጀው ጊዜ ከ5 እጥፍ በላይ አጠረ።

አሠራሩም እንዲህ ነበር። ለእያንዳንዱ የመዝገብ ወገን የራሱ ግምጃ ቤት፣ «ካሽ» የሚሉት፣ ይቋቋምለታል። ካሹም ከገጽ አዳዩ አንድ ገጽ ይወስድና እኩል እኩል ይቆራርሰዋል፤ ይህ የተቆራረሰው ገጽ ስላብ ነው። ያ 300 ባይት የነበረው መዝገብ አሁን በአንድ ገጽ 13 ይገባል፣ 196 ባይትም ይተርፋል። ከትርፉ ጥቂቱ በገጹ ጫፍ ላይ የስላቡን የራሱን ሂሳብ ይይዛል። በዚያም ሂሳብ ስንት መዝገብ ወጥቶ እንዳልተመለሰ ይቈጠራል፤ ቍጥሩ ዜሮ ከሆነ ገጹ ሙሉ ነጻ ነውና ሚሞሪ ባጠረ ጊዜ ለገጽ አዳዩ ይመለሳል። በየስፍራው ተበታትኖ የቀረን ነጻ ቦታ መፈለግና ማገጣጠም ቀረ።

የቀረውንም ትርፍ ቦንዊክ አላባከነውም። በቀድሞው የሁለት ርቢ ሥርዓት ባለ 300 ባይቱ መዝገብ ሁሉ የሚጀምረው በ512 ድንበር ላይ ነበር። ፕሮሰሰሩ አዘውትሮ የሚያየው የመዝገቡን የመጀመሪያ 48 ባይት ቢሆን፣ የሥራው ጭነት ሁሉ ከፕሮሰሰሩ ፈጣን ሚሞሪ 10 በመቶ በማይሞላ ጠባብ ስፍራ ላይ ይወድቃል፣ የቀረው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስፓርክሴንተር 2000 በሚባለው የሳን ትልቅ ማሽን ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር፤ ሚሞሪው በየ256 ባይቱ በሁለት አውታሮች ላይ እየተፈራረቀ ስለተዘረጋ፣ ጭነቱ ሁሉ በአንዱ አውታር ላይ ሲያርፍ ሌላው ባዶውን ይቀር ነበር። ቦንዊክም አንዱን ስላብ ከገጹ መነሻ፣ ሁለተኛውን ጥቂት ባይት ገባ ብሎ፣ ሦስተኛውን ከዚያም ገባ ብሎ አስጀመረ። ይህንም የስላብ ቀለም አሉት። ከመቆራረስ በተረፈ ፍርፋሪ የማሽኑን ሁለት አውታሮች ጭነት ማመጣጠን መቻሉን ያነበበ ሁሉ ማድነቁ አይቀርም፤ እኛም እናደንቃለን።

ስሕተትንም ለመያዝ ወጥመድ አበጀ። በምርመራ ጊዜ የተመለሰው መዝገብ ውስጡ «ዴድቢፍ» ተብሎ በሚነበብ ቍጥር ይሞላል፤ አንድ ፕሮግራም የመለሰውን መዝገብ ተመልሶ ቢነካ ቍጥሩ ይበላሻልና ጥፋቱ ይታወቃል።

በዚያም ወራት የማሽን ፕሮሰሰሮች ቍጥር እየበዛ ሄደ፣ በአንዱ ካሽ ደጃፍም ላይ ተራ መጠበቅ በዛ። በሰኔ 1993 ዓ.ም. ቦንዊክ ከጆናታን አዳምስ ጋር ዳግመኛ በቦስተን ቀርቦ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር በእጁ የሚይዘው ጥቂት የተሰናዳ መዝገብ እንዲሰጠው አሳየ፤ ስሙንም ከጠመንጃ ካርታ ወስደው «ማጋዚን» አሉት።

የሊኑክስንም ነገር እንናገር። በ1989 ዓ.ም. ማርክ ሄመንት ስላብን ለሊኑክስ ጻፈው፤ በጥር 1991 ዓ.ም. በወጣው ሊኑክስ 2.2ም ውስጥ ነበረ። በ1998 ዓ.ም. ማት ማካል ሚሞሪያቸው እጅግ ጥቂት ለሆነ ትንንሽ ማሽኖች «ስሎብ»ን አመጣ። ስላብ ግን በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ወፈረ። ለየፕሮሰሰሩና ለየሚሞሪው ክፍል ወረፋ ተሠርቶለት ስለነበር፣ ሺህ ፕሮሰሰር ባላቸው የኤስጂአይ ኩባንያ ማሽኖች ላይ ወረፋዎቹ ብቻ ብዙ ጊጋባይት ይይዙ ጀመር። በዚያ ቤት ይሠራ የነበረው ክሪስቶፍ ላሜተር ወረፋውን ሁሉ አስወግዶ፣ ሂሳቡንም በገጹ መግለጫ ውስጥ አስገብቶ «ስለብ» የተባለውን አዲስ አዳይ ጻፈ። ይህም ሐምሌ 1 ቀን 1999 ዓ.ም. በሊኑክስ 2.6.22 ገባ። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን ሺህ ዓመት በተቀበለችበት ወር፣ መስከረም 28 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ 2.6.23 ሲወጣ ሌላ ያልመረጠ ሁሉ ስለብን እንዲያገኝ ተደረገ።

አንድሮይድ በሊኑክስ ከርነል ላይ የቆመ ነውና ይህ ዜና ወደ እኛም አገር ደርሷል። በአማራ ሳይንት፣ በአጅባር ገበያ፣ የበግ ዋጋ በቴሌብር የሚቀበል ነጋዴ ስልኩን ከኪሱ ባወጣ ቁጥር በውስጡ ያለው ከርነል ከእነዚህ ካሾች እኩል እኩል መዝገብ ያወጣል፣ ይመልሳልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል አብዛኛው ክፍል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንኳ ይህ ሥራ አልቆመም፤ ፎቶ የሚያይ፣ መዝሙር ወይም መንዙማ የሚሰማ ሰው ሁሉ ያሠራው ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ይህን ኮድ ከፍተው ቢያነቡት እንወዳለን፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፣ ሁሉም ክፍት ነው።

ከዚህም በኋላ ስሎብ ሰኔ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በወጣው በሊኑክስ 6.4 ውስጥ ተወገደ። መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊኑክስ 6.8 ሲወጣ ደግሞ አሮጌው ስላብ ራሱ ከከርነሉ ወጣ። ቦንዊክ በ1986 ዓ.ም. ካሽ ለማቋቋምና መዝገብ ለማውጣት ያወጣቸው የትእዛዝ ስሞች ግን በስለብ ላይ እንዳሉ ቀሩ።

ወረፋውም ጨርሶ አልጠፋም። ለየፕሮሰሰሩ የተሰናዳ መዝገብ መያዝ ጥቅም እንዳለው ታየና፣ ቭላስቲሚል ባብካ «ሺቭስ» የተባለውን ዘዴ በስለብ ላይ ጨመረ። ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጽዮን ማርያም በምትከበርበት ዕለት፣ ሊኑክስ 6.18 ይህንኑ ይዞ ወጣ፤ በመጀመሪያም ለተመረጡ ጥቂት ካሾች ብቻ ተሰጠ።