የዛፍ ዕድሜና የዕቃ ዕድሜ፤ ስለ ቤት ውስጥ ዕቃ ታሪካዊ አስተያየት

በአማርኛ «አልጋ» የሚለው ቃል መኝታንም ዙፋንንም ያመለክታል፤ «አልጋ ወራሽ» ሲባል የሚወረሰው መንግሥቱ ነው። ይህ የቃል ዝምድና ስለ ቀድሞው ቤት የሚነግረው ነገር አለ። ዕቃ ብርቅ በነበረበት ዘመን ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥም ሆነ መተኛት ራሱን የቻለ ክብር ነበር። ከመኳንንቱ ግቢ ውጭ የብዙው ሰው ቤት በጭቃ የተሠራ መደብ፣ በላዩ የሚነጠፍ ቁርበት፣ ጥቂት በርጩማ፣ መሶብና ጋን ይዞ ይኖር ነበር። ዛሬ በንድፍ መጽሔቶች ላይ እንደ አዲስ ፈሊጥ የሚቀርበው ባዶና ቀላል ክፍል ለዚያ ቤት ባለቤት ምርጫ ሳይሆን ግዴታ እንደነበረ መርሳት አይገባም።

መደብ ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚሠራ የቤቱ አካል ነው። ይህ አሠራር ከሁሉ ይልቅ የጠራ መልክ የያዘው በሐረር ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት የሐረሪዎች ቤቶች ዋናው ክፍል «ነደባ» የሚባሉ አምስት መደቦች ሲኖሩት፣ የእያንዳንዱ ከፍታና ቦታ በማን እንደሚያዝ የታወቀ ነው። መጽሐፉና የክብር ዕቃው በግድግዳው ውስጥ በተበጁት ቅርጽ ያላቸው ጎድጓዳ ማስቀመጫዎች ይቀመጣል፤ የቀረው የግድግዳ ክፍል በስፌትና በሰሓን ያሸበርቃል። ወንበር የለም፣ ቁም ሣጥን የለም፤ ሆኖም ክፍሉ የጎደለው አይመስልም። ምንጣፉና ትራሱ ሲያረጅ ይለወጣል፤ መቀመጫው ግን ከቤቱ ጋር ይኖራል። ከተማዪቱ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ የእነዚህ ቤቶች የውስጥ አሠራር በተለይ ተመስግኖ ተጠቅሷል።

ተንቀሳቃሽ ከሆኑት ዕቃዎች መካከል ግን የበለጠ ሊጠና የሚገባው የጠፍር አልጋ ነው። አራት እግር፣ አራት አግዳሚና ከጥሬ ቆዳ የተተለተለ ጠፍር ብቻ የያዘ ነገር ነው። አግዳሚው በእግሩ ብሳት ውስጥ ይገባል፤ ጠፍሩ ርጥብ ሳለ በአግዳሚዎቹ መካከል ይጠላለፋል፤ ሲደርቅም ተኮማትሮ መላውን አልጋ አጥብቆ ይይዛል። ዓመታት አልፈው ቢረግብ ይጠበቃል፤ ቢበጠስ የተበጠሰው ብቻ ይተካል። እንጨቱ ካልተሰበረ በቀር አልጋው ከአባት ወደ ልጅ ቢተላለፍ የሚያስደንቅ አልነበረም። የዚህ ዕቃ ምስጢር ከእንጨቱ ጥንካሬ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው፤ ቶሎ የሚያልቀው ክፍል ቶሎ ከማያልቀው ተለይቶ እንዲነሣ ሆኖ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ሁሉ ቁጠባን ያስተምራል ማለት ስሕተት ነው። ዝነኛው የጅማ በርጩማ ሦስት እግሩና ጎድጎድ ያለው መቀመጫው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ መጋጠሚያም ሚስማርም የሌለው፣ በቀላሉ የማይነቃነቅ ዕቃ ነው። ነገር ግን በርጩማው ከግንዱ ሲወጣ ብዙው እንጨት ፍላጭና ፍቅፋቂ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። ደን በተትረፈረፈበት አገር ይህ አያሳስብም ነበር። የሚያሳስብበት ጊዜ ግን መጣ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ ማስጀመር የደረሱት በዋናነት በእንጨት እጦት ምክንያት ነበር። ከተማዪቱን ያቆያት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንዳስገባው የሚነገርለት ባሕር ዛፍ ነው። በ1909 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ በረከተ። የዕቃዎቹን መንገድ ስማቸው ይመሰክራል። ኮመዲኖ፣ ኮምፔንሳቶና ኮላ ከጣልያንኛ፣ ቡፌ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፤ ቁም ሣጥን ግን ተጋድሞ ይኖር የነበረው የአገሩ ሣጥን ቀና ብሎ የቆመ መሆኑን በገዛ ስሙ ይናገራል።

አናጢው የውጭውን ቅርጽ ተቀብሎ በአገሩ እንጨት ሠራው። በተለይ ዋንዛ ለመላጊያና ለመሮ ስለሚመች፣ ቀለሙም ስለሚያምር፣ ለሳሎን ዕቃ ተመራጭ ሆነ። የዚህ ዝና ዋጋ በ1986 ዓ.ም. በሕግ ተገለጸ። በዚያ ዓመት የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። አዋጁ በኋላ በሌሎች ቢተካም የአራቱ ዛፎች ስም በአንድ ላይ መጠራቱ ብዙ ይናገራል፤ ትውልድ ሲያወርሳቸው የኖሩ ዕቃዎች የተሠሩባቸው እንጨቶች እነዚሁ ናቸውና። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማድረግ ይገባል። ዋንዛ የጫካ ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው በማሳውና በቡናው መካከል ለጥላ ያሳድገዋል። ስለዚህ «የዋንዛ ዕቃ ነው» መባሉ ለምስጋናም ለወቀሳም አይበቃም፤ ከየት እንደተቆረጠ መታወቅ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ገበያውን የያዘው ቺፑድና ኤም.ዲ.ኤፍ ነው። ባለሙያዎች ይህን ዕቃ በጅምላ ሲነቅፉት ይሰማል፤ ነቀፋው ግን ፍትሐዊ አይደለም። ከእንጨት ፍላጭና ዱቄት የሚጋገር ሰሌዳ የጅማው አናጢ መሬት ላይ የሚተወውን ፍቅፋቂ ሳይቀር ይጠቀምበታል። ችግሩ ሌላ ነው። ጠርዙ በሚገባ ያልተሸፈነ ቺፑድ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠም ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ብሎኑ አንድ ጊዜ ከላላ በዚያው ቀዳዳ ውስጥ ጠብቆ አይይዝም። ብዙውን ጊዜ የሚጣበቅበት ማጣበቂያ ፎርማልዴሃይድ የተባለውን ጋዝ እያቆየ ይለቃል፤ ይህንንም ንጥረ ነገር የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1996 ዓ.ም. ካንሰር ከሚያስከትሉት መካከል መድቦታል። የአውሮፓው «ኢ 1» የተባለው መለኪያ የሚለቀቀውን መጠን የሚወስን ሲሆን፣ ዕቃ የሚያዝ ባለሙያ ሰሌዳው ይህን ማሟላቱን በጽሑፍ ቢጠይቅ የሚከብድ ነገር አይደለም።

ፈሊጡ ግን ወደዚህ ጥያቄ አይመራም። በከተማው አዳዲስ ቤቶች ጂፕሰም ጣሪያ፣ የሚያብረቀርቅ የኩሽና ቁም ሣጥንና ግድግዳ ለግድግዳ የሚዞር ትልቅ ሶፋ እንደ ሙሉነት ምልክት ይቆጠራሉ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ጠባብ ሳሎን ይህን ሶፋ ሲቀበል ለሰው የሚተርፈው መተላለፊያ ብቻ ነው፤ ቤት ሲለቀቅም ሶፋው በደረጃው አልወርድ ብሎ የሚያስቸግርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ያለ ክፍል አብሮ የሚሠራ መቀመጫ ከሥሩ የዕቃ ማስቀመጫ ጋር፣ ማለትም የሐረሩ ነደባ በአዲስ መልክ፣ ይበልጥ ይስማማ ነበር። የቤቱ ንድፍ ሲወጣ ግን ይህን ያሰበበት ሰው እምብዛም የለም፤ ጥፋቱም የገዢው ሳይሆን የሙያው ነው።

ቶሎ የሚያድግ ጥሬ ዕቃም አልጠፋም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ለዕቃ አይሆንም ተብሎ ተንቋል፤ ተሰንጥቆ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ከደረቀ ግን ለብዙ ሥራ ይውላል። ከእርሱም የሚፈጥነው ቀርከሃ ነው፤ በሦስትና በአራት ዓመት ለሥራ ይደርሳል፣ ሥሩም ሳይነቀል እንደገና ያበቅላል። ጠላቱ ነቀዝ ነው፤ በውስጡ ያለውን ስታርች ስለሚወድ፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ያልታከመ የቀርከሃ ወንበር ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ ብናኝ ማራገፍ ይጀምራል። የዶርዜ ሰዎች ይህን ጠባይ ከማንም በፊት ያውቁታል። ከቀርከሃ ጠልፈው የሚሠሩት ቤት ሲጀመር እስከ 12 ሜትር ይቆማል፤ ምስጥ ከታች ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ቤቱን ያሳጥሩታል፤ በዓመታት ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል፤ መሬቱ ባይመች ደግሞ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል።