እንዶድና ሳሙና፦ የማጽጃ ኬሚስትሪ ታሪክና በሐዋሳ አካባቢ ለሚሰጥ የሳይንስ ትምህርት ያለው ፋይዳ

የሳይንስ ትምህርት ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው ሊያመራ እንደሚገባ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች ዘወትር ይነገራል። ስለ ሳሙና አሠራር የሚሰጥ ትምህርት ግን በቀመር ጀምሮ በቀመር ሊያበቃ ይችላል። ተማሪው የዘይትንና የአልካሊን ውህደት በቃሉ ያጠናል፤ አያቱ ነጠላ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ከዚያ ቀመር ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ግን አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሁለቱን ማጽጃዎች ታሪክ ጎን ለጎን መመርመር ያስፈልጋል።

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል ተክል ነው። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ ብዙ አረፋ ስለሚሰጥ፣ የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት የሸማ ልብስ በእርሱ ይነጣ ነበር። አረፋውን የሚሰጡት ሳፖኒን የተባሉ ውህዶች ናቸው። ስሙ ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ በመሆኑ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላሉ፤ በአፈጣጠራቸው ግን የተለያዩ ናቸው። ሳፖኒን በተክሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ሲሆን፣ አንዱ ወገኑ ውኃን የሚወድ ስኳር፣ ሌላው ወገኑ ቅባትን የሚወድ የካርቦን ቀለበት ነው።

ይህ የልብስ አጣቢዎች ዕውቀት ወደ ምርምር የገባው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ በሚያጠኑበት ጊዜ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መታየታቸውን ልብ አሉ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ስለሆነ፣ የአጣቢዎቹ ማጽጃ የበሽታ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ተገነዘቡ። በዓድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ገደማ ወረደ። ከፍሬው ከተለዩት ሳፖኒኖች አንዱ በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሏል። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ መስል የተባለ ዛጎላም እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ በዚህም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተወሰደ። ጉዳዩ የአገር ባህላዊ ዕውቀት ባለቤት ማን ነው የሚለውን ክርክር ከቀሰቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ሆነ። እንግዲህ በልብስ ማጠቢያ ወንዝ ዳር የነበረ ዕውቀት በትምህርት ቤት ቦታ ባያገኝም፣ በሌላ አገር ዋጋ ያገኘበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ሳሙና በአንጻሩ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ ተሠርቶ የሚወጣ ውህድ ነው። ዘይት ወይም ሞራ ከአልካሊ ጋር ሲፈላ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም ሳሙናና ግሊሰሪን ናቸው። ሰው ከእንጨት አመድ በተጣራ ውኃና በሞራ ሳሙና መሥራትን ያወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ቢሆንም፣ ምክንያቱን በዝርዝር የገለጸው ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ እርሱም ስለ ቅባቶች ያደረገውን ምርምር እ.ኤ.አ. በ1823 በመጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ቀደም ሲል ለብላንክ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1791 ከገበታ ጨው ሶዳ የሚሠራበትን ዘዴ በፓተንት አስመዝግቦ ስለነበር፣ የሳሙና ኢንዱስትሪ ከአመድ ጥገኝነት ሊላቀቅ ቻለ። የአመድ አልካሊ በአብዛኛው ፖታሲየም ስላለበት ለስላሳ ሳሙና ይሰጣል፤ የሶዲየም አልካሊ ግን ጠንካራ ሳሙና ያወጣል።

የዘይቱ ዓይነትም ውጤቱን ይለውጣል። ለ100 ግራም የኑግ ዘይት 13.5 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ሲበቃ፣ ለ100 ግራም የኮኮናት ዘይት 18 ግራም ያህል ያስፈልጋል። የኮኮናት ቅባት ሞለኪዩሎች አጫጭር ስለሆኑ በአንድ ግራም ውስጥ ቁጥራቸው ይበዛል፤ ስለዚህ የሚፈልጉት አልካሊም ይበዛል። የኑግ ዘይት ለስላሳና ቶሎ የሚሻግት ሳሙና ሲሰጥ፣ ሞራ ጠንካራውን ይሰጣል።

አልካሊውን በተመለከተ የሐዋሳ አካባቢ የተለየ ዕድል አለው። ከሐዋሳ ተነሥቶ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፎ ወደ ሰሜን ለሚጓዝ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ይገኛሉ። መፍሰሻ በሌላቸው በእነዚህ ሐይቆች፣ ከእሳተ ገሞራ አለት ታጥቦ የሚገባው ሶዲየም ውኃው ሲተን እየተከማቸ ሶዳ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአብያታ የሶዳ አሽ ማምረቻ የተቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዝዋይም ኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ ነበር። ሶዳ አሽ ከኖራ ጋር ሲቀላቀል ኮስቲክ ሶዳ ይሰጣልና። ሆኖም የአብያታ ሐይቅ ውኃ በእጅጉ ቀንሷል፤ ወደ ሐይቁ ከሚፈሰው ውኃ ለመስኖ የሚወሰደውና ለሶዳ ምርት የሚተነው ውኃ ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ስለዚህ ሶዳው የማያልቅ ሀብት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ለሥርዓተ ትምህርት የሚገኘው ትርፍ ግልጽ ነው። መምህሩ ትምህርቱን በእንዶድ ይጀምር፤ ተማሪዎች ከቤተሰቦቻቸው ጠይቀው የሰሙትን ያቅርቡ። ከዚያም የሳፖኒንና የሳሙና ልዩነት በሰሌዳ ይጻፍ፤ በሳሙና ውኃ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጨምሮ ውኃው ሲደፈርስና አረፋው ሲጠፋ ያሳይ። ይህም የቅባት አሲዱ ከሳሙናው መለየቱን በዓይን የሚያስረዳ ነው። ሳሙና በተግባር የሚሠራ ከሆነ መምህሩ ራሱ ይሥራው፤ ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ስለሆነ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፣ ሶዳው ወደ ውኃ ይጨመር እንጂ ውኃው ወደ ሶዳ አይጨመር፤ የአሉሚኒየም ድስትም አይሁን። የእንዶድ ውኃም ዓሣን ስለሚገድል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ መደፋት የለበትም።

የትምህርት ዕቅድ አውጭዎች በበኩላቸው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌዎች ከአብያታ ሶዳ፣ ከኑግ ዘይትና ከእንዶድ እንዲወሰዱ ቢያደርጉ ወጪ አይጨምርም። የዓድዋው ግኝት የተጀመረው በውድ መሣሪያ አልነበረም፤ ሌሎች እያዩ ያለፉትን የሞተ ቀንድ አውጣ አንድ ሰው ቆም ብሎ ስለ ተመለከተው ነው። ተማሪዎችም እንዲሁ ቆም ብለው እንዲመለከቱ ማስተማር የትምህርት ቤት ሥራ ነው።