«ድልድል» እንበለው

ስለ ንቅለ ተከላ በሚጻፈው ውስጥ «ፍትሐዊ የአካል ክፍል ክፍፍል» የሚል ሐረግ እየሰፋ መጥቷል። እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት! ከ«ክፍል» ቀጥሎ «ክፍፍል» ሲመጣ ምላስ ይንተባተባል።

ከድምፁ የባሰው ግን ትርጉሙ ነው። የሚከፋፈል ነገር ይቆረሳል፤ ርስት ይከፋፈላል፣ የቅርጫ ሥጋም በየመደቡ ይከፋፈላል። ከሟች የተገኘ ልብ አይቆረስም። ሙሉውን አንዱ ይወስደዋል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ጭንቀቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። «የጉበት ክፍፍል» ማለትማ ጨርሶ ያሳስታል፤ አንድን ጉበት ለሁለት ከፍሎ ትንሹን ለሕፃን፣ ትልቁን ለአዋቂ የመትከል ሕክምና በእውን አለና። ቃሉን ለዚያ እንተወው።

«እደላ» ያሉም አሉ። ቃሉ ያምራል፤ «ዕድል»ና «መታደል» የበቀሉበት ግንድ ነው። ይሁን እንጂ የእርዳታ ስንዴ ይሸታል፤ ሰጪውን ቸር፣ ተቀባዩን ተመጽዋች ያደርጋል። ደግሞም በዚህ ነገር ደንብ የሚወጣው የሰው ሕይወት በዕድል እንዳይወሰን ነው።

ለሕዝቡ የሚቀናው «ወረፋ» ማለት ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው ነው፤ ወረፋ ስንል ፍርዱን አብረን ሰጥተናል፦ ቀድሞ የመጣ ይቅደም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ጉበት በዋነኝነት የሚሰጠው በደም ምርመራ ውጤት ተሰልቶ ለሞት ይበልጥ ለቀረበው በሽተኛ ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ራሱ ለመለገስ ለፈረመ ሰው ቅድሚያ ይሰጣል። ሁለቱም ከተራ ወረፋ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎቹ ፒተር ኡበልና ጆርጅ ሎወንስቲን አሜሪካውያንን ጠይቀው ነበር፤ ብዙዎቹ የመዳን ተስፋቸው ለላቀ በሽተኞች ብቻ ሁሉንም አካል መስጠት አልፈቀዱም፣ ተስፋቸው አነስ ላሉትም ይድረስ አሉ። የሕዝብ አስተያየት እንዲህ ውስብስብ ነው። በአማርኛ «ወረፋው እንዴት ይሁን?» ብለን ብንጠይቅ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ቀብረን ሰጠን ማለት ነው።

እኔ «ድልድል» እላለሁ። ደለደለ ማለት ወጣ ገባውን መሬት አስተካከለ ማለት ነው፤ «ደልዳላ» የምንለው ከዚሁ ነው። ፍትሕ በሥሩ ውስጥ ስላለ «ፍትሐዊ» የሚለው ቅጽል እንኳ ቢቀር ቃሉ አይጎድልበትም። ከዚያ ሰፍቶ እያንዳንዱን ለሚገባው ቦታ መደበ ማለት ሆነ፤ የሠራተኛ ድልድል፣ የበጀት ድልድል እንላለን። የአካል ክፍልም ይኸው ነው፦ የደም ዓይነት፣ የሰውነት መጠን፣ የሕመም ክብደት ታይቶ ይህ ለዚህ ይባላል። ግሡም ይታዘዛል፤ «ልቡ ለእገሌ ተደለደለ»፣ «ደልዳዩ አካል» ማለት ይቻላል። «ምደባ» ይቀርበዋል፣ ግን የማስተካከል ሐሳብ የለበትም።

«ድልድል የቢሮ ቃል ነው፣ መሬቱ በድልድል ለተወሰደበት ገበሬም መጥፎ ትዝታ አለው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው። ያ ትዝታ ግን ቃሉን ያጠነክረዋል፤ ድልድል ሲባል «በማን ደንብ? ማን ወሰነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ነው የሚያስፈልገን።

አማርኛ ለዚህ ሙያ ድሃ አይደለም። «ንቅለ ተከላ»ን ተመልከቱ፤ ችግኝን ከመደቡ ነቅሎ በሌላ መሬት ከሚተክል ገበሬ የተወሰደ፣ የሚዛወረው ሕይወት ያለው መሆኑን የሚያውቅ ቃል። ይህን የወለደ ቋንቋ በ«ክፍል ክፍፍል» ሊንተባተብ አይገባውም።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ስለሆነ ኩላሊቱ ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል። የዓይን ብሌን ግን የሚለገሰው ከሞት በኋላ ነው፤ ለጋሹ ተቀባዩን አያውቀውም። ስለዚህ ድልድል ዛሬም አለን። ጋዜጠኞች፣ ሐኪሞች፣ ሕግ አርቃቂዎች፦ «ክፍፍል» በአዋጅና በመማሪያ መጻሕፍት ሳይደርቅ «የአካል ክፍል ድልድል» ብላችሁ ጻፉ።