የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚኖሩ አንድ ዓይነ ስውር አባት ነው። ሰፈሩ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ ከእጃቸው የማይለዩዋት መሣሪያ አለቻቸው። ስክሪን የላትም። ከላይ የብሬይል መጻፊያ ቁልፎች፣ ከፊት ደግሞ ነጥቦቹ ብቅ ጥልቅ የሚሉ፣ በአንዴ 32 ፊደል የሚያስነብብ መስመር። ኢሜይላቸውን የሚያወርዱት በእሷ ነው። የሚያነብላቸው ኮምፒውተርም አላቸው፤ ግን የሰው ደብዳቤ በጣታቸው ሲያነቡት ደስ ይላቸዋል። ስምና ቁጥር በጆሮ ሲያልፍ ይስታል፣ ከጣት ሥር ግን አያመልጥም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታዲያ መሣሪያዋ ደብዳቤ ማውረድ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ቆጠረች፤ 14 ላይ ስትደርስ ዝም። ጠበቁ፣ ጠበቁ። «ግንኙነቱ ተቋርጧል» አለች። ወዲያው ደገሙ። አሁን የባሰው መጣ፦ «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው»።

ጋሼ ጣታቸውን ጠረጠሩ። እያንዳንዷን ፊደል እየዳሰሱ እንደገና ጻፉ። እምቢ። ሰው ሰርቆኝ ይሆን ብለውም ሰጉ። ከምሳ በኋላ ግን አንዳች ሳይቀይሩ ቢሞክሩ እሺ ብላ ገባች፤ ቆጠረች፤ 14 ላይ ዝም። ይባስ ብሎ ጠዋት የወረዱት 13 ደብዳቤዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተገኙ።

እርዳታ መስጫው ጋ ደወሉ። «ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?» አሏቸው። ስክሪን የሌላትን መሣሪያ እያገለገሉ ይህን መጠየቅ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ያን ትተው ሌላ ጋ ሲደውሉ በመጨረሻ ስልኩን ያነሳችላቸው የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነች፣ እሷም ዓይነ ስውር የሆነች የወዳጃቸው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚቆመው 14ኛው ላይ ነው?»

«አዎ ልጄ፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም።»

«እንግዲያው የይለፍ ቃልዎን አይንኩት። ልክ ነው።»

እንዴት አወቀች? መሣሪያዋ የምትጠቀመው ፖፕ 3 የሚባለውን የኢሜይል ማውረጃ አሠራር ነው፤ ማየርስና ሮዝ የተባሉ ሰዎች በ1996 ደንቡን ጽፈው ያወጡት። በዚህ ደንብ አንድ መሣሪያ ሲገባ ሰርቨሩ፣ ማለትም ደብዳቤው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ የደብዳቤ ሳጥኑን ይቆልፋል፤ ሌላ አይገባም። መሣሪያዋ ሳትሰናበት ከተቋረጠችና ሰርቨሩ መሄዷን ካላወቀ፣ ቁልፉን ይዞ ይጠብቃታል፤ የመጠበቂያው ጊዜ ደግሞ ከ10 ደቂቃ እንዳያንስ ደንቡ ያዛል። ጋሼ ወዲያው ሲደግሙ የተጋጩት ከራሳቸው ቁልፍ ጋር ነበር። የወረደ ደብዳቤ ከሰርቨሩ የሚሰረዘውም በደንብ ተሰናብታ ስትወጣ ብቻ ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ መስመር በተቆረጠ ቁጥር የሰው ደብዳቤ እንዳይጠፋ። 13ቱ የተደገሙት ለዚህ ነው።

14ኛውስ? ጋሼ በኮምፒውተራቸው፣ ኤንቪዲኤ በሚባለው የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም እያስነበቡ፣ የኢሜይሉን ድረ ገጽ ከፈቱና ከአሮጌው ጀምረው ቆጠሩ። የዘመድ ልጅ የክርስትና ፎቶዎች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ደብዳቤ ታጭቀዋል። ፎቶ በኢሜይል ሲላክ ወደ ፊደል ተቀይሮ ስለሚጓዝ በሲሶ ያህል ይወፍራል። መሣሪያዋ አንድ ደብዳቤ የምትጠብቅበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ፎቶዎቹ ወርደው ሳያልቁ ትዕግሥቷ ያልቃል። ወፍጮ ቤት ፊት ያለው ከባድ ጆንያ ካልተነሳ የኋለኛው እንደማይፈጨው፣ ከ14ኛው በኋላ ያሉት ሁሉ ተኮልኩለው ቀሩ።

«አይሰርዙት ጋሼ፣ ወደ ሌላ ፎልደር ያዛውሩት። ፖፕ 3 አብዛኛውን ጊዜ ከኢንቦክስ ውጭ አያይም።»

አዛወሩት። መሣሪያዋም ላይ ሴቲንግ ገብተው ከልክ በላይ ትልቅ የሆነ ደብዳቤ እንዳታወርድ አደረጉ። የቀሩት ደብዳቤዎች ጅረት ሆነው ወረዱ። ማታ የጋሼ የራሳቸው ልጅ ፎቶዎቹን ከፍታ አንድ በአንድ ተረከችላቸው፤ ማን የት እንደቆመ፣ ሕፃኑ በማን እቅፍ እንዳለ።

እኔን የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? ሰርቨሩ ዝም አላለም ነበር። ፖፕ 3 ሲከለክል ምክንያቱን እዚያው መስመር ላይ ለመጻፍ ቦታ አለው። በ1998 የወጣ ተጨማሪ ደንብ «ሳጥኑ በሥራ ላይ ነው» የሚል ምልክት ሰጥቶታል፤ በ2002 ደግሞ ችግሩ በእርግጥ የይለፍ ቃሉ ሲሆን ብቻ የሚነገር ሌላ ምልክት ተጨመረ። መሣሪያዋን የሠሩት ግን ሁሉንም እምቢታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀለሉት፤ እሱም ጥፋቱን በሰውዬው ጣት ላይ የሚጥል። የሚያይ ሰው ሌላ መስኮት ከፍቶ ያጣራል። ጋሼ ያላቸው ያቺ መስመር ናት፤ እሷ ከዋሸች ግማሽ ቀን ራሳቸውን ሲወቅሱ ይውላሉ።

ከርሞ ከርሞ «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» ተመልሶ መጣ። የዚያን ጊዜ ጋሼ ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቄ ሞከርኩ፣ አሁንም እምቢ አለ። ድረ ገጹ ግን በዚያው ቃል አስገባኝ። ስለዚህ ቁልፉም አይደለም፣ ጣቴም አይደለም።»

አልተሳሳቱም። የኢሜይል አቅራቢያቸው የቆዩ ፕሮግራሞችን በተራ የይለፍ ቃል ማስገባት አቁሟል፤ ለመሣሪያዋ ብቻ የሚያገለግል፣ 16 ፊደል ያለው ሌላ ቃል ማውጣት ያስፈልጋል። አወጡ፣ ፊደል በፊደል እየዳሰሱ አስገቡ፣ ደብዳቤው ወረደ። ከዚያ እዚያው መሣሪያ ላይ ለአምራቹ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ «ሰርቨሩ የሚመልሰውን መስመር ሳትቆርጡ አስነብቡን። እንግሊዝኛም ይሁን፣ ቁጥርም ይሁን፣ እኛ እናጣራዋለን።»