ሬኔ ድሬፉስ፤ ወይም ቤንዚን ሳይቀዱ ስለ መጨረስ

መቼም ታሪክ ሲባል ስለ ነገሥታትና ስለ አብዮት ካልሆነ ወግ የሌለው ይመስለናል። ዛሬ ግን አንድ የመኪና እሽቅድምድም ሹፌር ይዘን ቀርበናል። «ደግሞ ይሄ ምን ታሪክ ነው?» የሚለን ካለ ጥቂት ይታገሰን። (ካላመለከትን በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሬኔ ድሬፉስ የተወለደው በ1905 በፈረንሳይዋ የባሕር ዳር ከተማ በኒስ ነው። አባቱ አይሁዳዊ፣ እናቱ ካቶሊክ ነበሩ። በዚያን ጊዜ «ድሬፉስ» ዝም ተብሎ የሚጠራ ስም አልነበረም። አልፍሬድ ድሬፉስ የተባለው አይሁዳዊ ሻምበል በ1894 ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ በሐሰት ተፈርዶበት፣ ጉዳዩ አገሩን ለሁለት ከፍሎ ሲያነታርክ ቆይቶ፣ ስሙ የጠራለት በ1906 ነው፤ የኛው ሬኔ ገና ዳዴ ሲል። ሁለቱን እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያገናኘናቸው በስም ብቻ ነው። ስም ብቻ ማለት ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደ በኋላ እናየዋለን።

ሬኔ ታዋቂ የሆነው በ1930 የሞናኮ ግራን ፕሪ ነው። የቡጋቲ ፋብሪካ የራሱን ሹፌሮች አሰልፏል፤ ከነሱም አንዱ የአገሩ ልጅ ሉዊ ሺሮን ነበር። ድሬፉስ ደግሞ የግል ቡጋቲ ይዞ መጣ። ውድድሩ 100 ዙር ነው። ሌሎቹ መሀል ላይ ቆመው ቤንዚን መቅዳት ግድ እንደሚሆንባቸው አሰበና፣ መኪናው ላይ ተጨማሪ ሳልባትዮ አስገጠመ። ነገሩ ይኸው ነው! ሺሮን ሊቀዳ ቆመ፤ ድሬፉስ አለፈው። በ22 ሰከንድ ያህል ብልጫ አሸነፈ። እኛ እዚህ ላይ ሰውየውን የወደድንለት ለፍጥነቱ ሳይሆን ለሒሳቡ ነው።

ከዚያ በኋላ ለማዜራቲ፣ ከዚያም ለራሱ ለቡጋቲ ፋብሪካ ነዳ። በ1935 በኤንዞ ፌራሪ ቡድን ውስጥ የአልፋ ሮሜዮ ሹፌር ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሞንዛ ላይ፣ የጣልያኖቹ ጀግና ኑቮላሪ መኪናው ሲበላሽበት ድሬፉስ የራሱን ለቀቀለት፤ ኑቮላሪም በሷ ሁለተኛ ወጣ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 በኛ አቆጣጠር፣ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ፍቅርም ሻከረ። ድሬፉስ በዚያ የውድድር ዘመን መጨረሻ ከጣልያኑ ቡድን ወጣ። ይህንን እዚህ ያነሳነው እሽቅድምድሙ ከዓለም ጣጣ ተለይቶ እንዳልነበር ለማሳየት ነው።

እንግዲህ ከጣልያን ከወጣ ወዴት ይሂድ? በጊዜው ፈጣኖቹ መኪናዎች የጀርመኖቹ መርሴዲስና አውቶ ዩኒየን ናቸው። ሁለቱም ከናዚ መንግሥት ድጎማ ያገኛሉ፤ የሚነዱትም ለናዚ ክብር ነው። የውጭ አገር ሰው አንቀጥርም አይሉም፤ ሺሮን በ1936 ለመርሴዲስ ነድቷል፣ እንግሊዛዊው ሲማንም ከሱ በኋላ። ድሬፉስ የሚባል ሰው ግን ያንን በር ማንኳኳት ይችላል? አይታሰብም።

በር የከፈተችለት አንዲት ሴት ናት፦ ሉሲ ኦራይሊ ሼል፣ ፓሪስ ውስጥ የምትኖር ሀብታም አሜሪካዊት። እሷ የራሷን ቡድን አቋቋመችና ደላሄ የተባለውን የፈረንሳይ ፋብሪካ አዲስ መኪና አሠራች። በነሐሴ 1937 ድሬፉስ በዚህ መኪና፣ በሞንትሌሪ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከ146 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት ሮጦ፣ ለፈረንሳይ መኪና ሠሪዎች የተመደበውን የአንድ ሚሊዮን ፍራንክ ሽልማት አስገኘ።

አሁን ወደ ፖ እንምጣ። ፖ በደቡብ ፈረንሳይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኤፕሪል 10 ቀን 1938 ውድድሩ የተካሄደው በከተማይቱ ጎዳናዎች ላይ ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ጠባብ፣ 100 ዙር። በዚያችው ቀን፣ ልብ በሉ፣ ኦስትሪያ ወደ ጀርመን መጠቅለሏን ለማጽደቅ ሂትለር ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ አድርጎ ነበር። የመርሴዲስ አዲሱ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር የቀረበው እዚህ ነው። ሦስት ሊትር ሞተር ነው፤ ግን አየር በግድ የሚገፋለት መሣሪያ ስላለው ጉልበቱ ከደላሄ እጅግ ይበልጣል። የደላሄው አራት ሊትር ተኩል ቢሆንም እንዲህ ያለ መሣሪያ የለውም።

ግን ጉልበት ይጠጣል። መርሴዲሱ ቤንዚን በላተኛ ነበር፤ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ኃይል የሚያወጣበት ቦታ የለም፣ ጎማው ዝም ብሎ ይሾራል። ካራቾላ ሊቀዳ ቆመ፤ መኪናውንም ለላንግ አስረከበ። ድሬፉስ አልቆመም። እንደ ሞናኮው ሁሉ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ያው ሒሳብ! ወደ ሁለት ደቂቃ በሚጠጋ ልዩነት አንደኛ ገባ።

አንዳንዶች ይህንን «አይሁዳዊው ሂትለርን አሸነፈ» ብለው ያወሩታል። እኛ እዚህ ላይ አንስማማም። ፖ ላይ የተሰለፈው መርሴዲስ አንድ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ወር ትሪፖሊ ላይ፣ በሐምሌም ሬንስ ላይ መርሴዲሶች ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ገብተዋል። ኦስትሪያም እንደተጠቀለለች ቀረች። ቢሆንም ያቺን አንዲት እሑድ ማንም አይፍቃትም፤ በጉልበት የማይመጣጠነው ሰው በስሌት ቀድሟልና።

ጦርነቱ ሲነሳ ድሬፉስ ወታደር ሆነ። በ1940 ግን በኢንዲያናፖሊስ ውድድር ፈረንሳይን ወክሎ እንዲነዳ ፈቃድ ተሰጥቶት አሜሪካ ሄደ። ሜይ 30 ቀን ከጓደኛው ከለቤግ ጋር በአንድ ማዜራቲ እየተፈራረቁ አሥረኛ ወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀርመኖች ፓሪስ ገቡ።

ያን ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን የቪሺ መንግሥት ባወጣው ሕግ አይሁዳዊ የሚባለው ሦስት አያቶቹ አይሁዳውያን የሆኑ ሰው ነው፤ ሁለት ከሆኑ ደግሞ የትዳር ጓደኛውም አይሁዳዊ ከሆነ። አያት ቆጥሮ ዜጋ የሚለይ ሕግ! ድሬፉስ በአባቱ በኩል ሁለት ብቻ ነበሩት። ታዲያ ፖሊስ በር ላይ ሲደርስ ቆሞ አያት ይቆጥራል ወይስ ስም ያነባል? ሰውየው መልሱን አገሩ ገብቶ አልሞከረውም፤ ኒው ዮርክ ቀረ።

በኋላ የአሜሪካ ጦር ልብስ ለብሶ ወደ ኢጣሊያ ዘመተ፤ በአልፋ ሮሜዮ ወደነዳባት አገር ማለት ነው። ዜግነትም አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ ከወንድሙ ከሞሪስ ጋር ማንሃተን ውስጥ ለ ሻንትክሌር የሚባል ምግብ ቤት ከፈተ፤ የእሽቅድምድም ሰዎች ኒው ዮርክ ሲመጡ የሚሰበሰቡበት ቤት ነበር። በ1952 አንዴ ለማን ላይ ነድቷል፤ አልቀናውም። በነሐሴ 1993 በ88 ዓመቱ እዚያው ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ።