ኑግ ዘይታችን፦ ከሙቀጫ እስከ ማሽን

ወዳጆቼ፣ አያቶቻችን ኑጉን ቆልተው፣ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በውሃ አፍልተው የሰፈፈውን ዘይት ይቀዱ ነበር። ቀጥሎ መጭመቂያ ማሽኑ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ቡሬ ላይ ፊቤላ ፋብሪካ ተመረቀ። ፈራጁ ግን ዛሬም ዓይንና አፍንጫችን ነው። እርሳስና ካድሚየም ደግሞ አይታዩም፣ አይሸቱም፤ ከአፈር፣ ከማሽን ብረት፣ ከማስቀመጫ ዕቃ ሊገቡ ይችላሉ። የጥንት ሮማውያንም የወይን ጭማቂ በእርሳስ ድስት ሲያፈሉ ጣፈጣቸው እንጂ መርዙ አልታያቸውም።

ትልልቅ ፋብሪካ በአሲድና በልዩ አፈር ሲያጣራ ብረቱን ይቀንሰዋል፤ የሰፈር መጭመቂያ ግን አጥልሎ ይሸጣል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በኪሎ ዘይት ከ0.08 ሚሊግራም በላይ እርሳስ አይፈቅድም፤ እርሳስ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳልና።

ኑግ ዘይት ይቅር አላልኩም! መጭመቂያ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ናሙና አስመርምሩ። እናንተም በቀለም ባልዲ ዘይት አትቅዱ።